የአራስ ቤቱ ፎቶግራፍ

አንድ እሑድ ልጄ አዲስ ስልክ ይዞ መጣ። ለእህቱ «አንሽን እስኪ» ብሎ ሰጣትና፣ እኔን በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ትቶ ከኋላዬ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ቆመ። ቤት ውስጥ ነበርን። ውጭው ይፋጃል፤ መተማ በሚያዝያ እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል። አንስታን ስታበቃ አምጥቶ አሳየኝ። የኔ ፊት ቁልጭ ብሏል፤ ሽበቴ አንድ በአንድ ይታያል፣ ማድያቴ ሳይቀር። ከኋላዬ ያለው የሱ ፊት ግን ጉም ነው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ሰው መሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው።

«ምነው ይኼ ተበላሸ?» አልኩት።

«አልተበላሸም እማ። ስልኩ ሆን ብሎ ነው ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው። ፊት ያለው ሰው ጎልቶ እንዲወጣ ነው፤ ያምራል እኮ።»

ስልኩን ከእጁ ወስጄ ለእህቱ መለስኩላት።

«አጥፊው» አልኳት ልጅቱን።

«ኧረ እማዬ፣ ቆንጆ ነሽ እኮ…»

«አጥፊው አልኩሽ።»

ልጄ ሳቀብኝ። «ሰው ጥይት ይፈራል፣ የኔ እናት ፎቶ ትፈራለች» አለ። አልፈረድኩበትም፤ ምን ያውቃል። ክረምቱ ሳይገባ ትራክተር ሊነዳ ወደ አብርሃ ጅራ ለመውረድ ተነጋግሮ ጨርሷል። መንገዱ ደግሞ የዛሬ መንገድ ነው፤ ሰውን ከመኪና አስወርደው የሚያስቀሩበት። እኔ እንደሆንኩ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል ከለየሁ ወዲያ ብዙ አልገፋሁም። የማውቀው ያየሁትን ነው። ፊቱ የደበዘዘ ልጅ ያላት እናት ምን እንደምትሆን አይቻለሁ።

ያኔ እኔ ውሃ ለመቅዳት የምደርስ፣ ለመዳር የማልደርስ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ ሊያርስ የመጣ ሰው ነበር፤ በዚያ ክረምት ወባ ወሰደችው። እናቴ በሆዷ የያዘችውን ልጅ የወለደችው እሱን ከቀበርን በኋላ ነው፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት። መንደሩ ሁሉ የነዶ ሽታ ይሸታል፤ የእኛ ማሳ ግን ያራሚ ያለህ እያለ አረም በልቶት ቀርቷል።

ታላቅ ወንድሜን አያ ነበር የምለው። ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው። አባታችን ሲያልፍ ቤቱ በሱ ላይ ወደቀ፤ ሱዳን ወደ ገዳሪፍ ከሚሻገሩ አጫጆች ጋር ሊሄድ ቆረጠ። እናቴ አላለቀሰችም፤ አራስ አታለቅስም፣ ወተቷ ይደርቃል ይላሉ። «መልክሽን ይዤ ልሂድ» አላት አንድ ቀን፣ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ። «ከሕፃኑ ጋር አብረን ፎቶ እንነሳ።»

«ክርስትና ሳላስነሳ ወዴት ወጥቼ ነው ፎቶ የምነሳው?»

«ሰውዬውን እዚህ አመጣዋለሁ።»

ሰውዬው መተማ ዮሐንስ ላይ ፎቶ ቤት የነበረው ነው። ሥራውን የተማረው ገዳሪፍ ነው ይባላል፤ በአማርኛው መሃል ዓረብኛ ጣል ያደርጋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት። በቀጠሮው ቀን እሱ ቀድሞ መጣ፤ ወንድሜ የመኪናውን ነገር ሊጠይቅ ገንዳ ውሃ ሄዶ ነበር። ሰውዬው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ውሃ ጠጣ፣ ላቡን አደረቀ፣ ከካሜራው ላይ አቧራ እየነፋ ጠበቀው።

ወንድሜ የመጣው እየሮጠ ነው። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

«መኪናው ነገ አይደለም፣ ዛሬ ነው የሚወጣው» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ቤቱን ልንገራችሁ። ግድግዳው ሽመል ነው፤ በደህናው ቀን ፀሐይ በየሽንቁሩ እየገባች ወለሉን ታዥጎረጉረዋለች። ለአራሷ ሲባል ግን ነፋስ እንዳይገባ ሽንቁሩ ሁሉ በጆንያ ተደፍኗል። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ውስጡ አብሽና የተነጠረ ቅቤ ይሸታል፤ የሕፃን ሽታም አለበት፣ ያ ለስላሳ ሽታ። እናቴ በጠፍር አልጋው ላይ ከበሩ ጎን ተቀምጣለች፣ በራስጌዋ ማጭድ አለ። ያዋለደቻት ሴትዮ እግሯ ሥር ሆና ገንፎ ታቀዘቅዛለች። አራስ ብቻዋን አትተውምና ከወለደች ጀምሮ ከቤታችን አልወጣችም።

ወንድሜ ሊገባ ሲል አዋላጇ እጇን ዘረጋችበት።

«ቁም። ላብህ ሳይደርቅ ሕፃን አትጠጋም። ፀሐይ ይዘህ ነው የገባኸው።»

«እማማ፣ መኪናው ይሄድብኛል እኮ።»

«ይሂድ። ሕፃኑ ከሚሄድ መኪናው ይሂድ።»

እሱም በሸሚዙ ጫፍ ፊቱን ሞዠቀና ግንባሩን ወደሷ ሰጠ፤ «እስኪ ይንኩኝ፣ ደርቄያለሁ።» ነካችው። «ገና እሳት ነህ። ሂድ፣ ከወዲያ ከግድግዳው ጋር ቁም።»

እናቴ «ልጄ እኮ ነው፣ ይምጣ፣ ከጎኔ ይቀመጥ» አለች።

«ይኼኛውስ ልጅሽ አይደለም?» አለች አዋላጇ፣ ሕፃኑን በአገጯ እያሳየች።

እናቴ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። ከኔ በታች የተወለዱትን ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብራቸዋለች። ቀባሪዋ እናቴ፣ አጣቢዋ ይቺው ሴትዮ። ስለዚህ ማንም በማንም ሊፈርድ አይችልም ነበር። ወንድሜ በአልጋው ግርጌ ዞሮ ከወዲያ ግድግዳው ጋር፣ ከማሽላ ጆንያው አጠገብ ቆመ።

ፎቶ አንሺው ካሜራው ላይ የሚሰካ መብረቅ ነበረው። ሊሰካው ሲል አዋላጇ አየችው።

«ያ ቦግ የሚለው ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እሱንማ እዚህ ቤት አታበራውም። የሕፃኑን ዓይን ልትወስድ ነው?»

«ታዲያ በምን ላንሳ? ጨለማ እኮ ነው።»

«እግዜር ብርሃን ሰጥቶህ የለ። በሩ ያውልህ።»

ሰውዬው ሳቀና መብረቁን ወደ ኪሱ መለሰው። በምትኩ ከሌላው ኪሱ እጅ የምትሞላ ነገር አወጣ። የግድግዳ ሰዓት እንደሚመስል መርፌ አላት፤ አናቷ ላይ ግማሽ እንቁላል የመሰለ ነጭ ነገር ተደፍቶባታል። ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ ነጩን ነገር ከጉንጯ አጠገብ፣ ከአገጯ ዝቅ አድርጎ ያዘው። እናቴ የወባ ምርመራ መሰላት። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«ትኩሳት አለኝ?» አለችው።

«ያ ኡሚ፣ እናቴ፣ የምለካው ትኩሳት አይደለም። ብርሃን ነው።»

«ብርሃን ይለካል? ታዲያ ስንት ሆነልኝ?»

መርፌዋን አየና ምላሱን ቀጭ አደረገ። «ኑር ሹወያ። ጥቂት ነው። ደግሞ ፀሐይዋ ከበሩ እየሸሸች ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። በሩ ላይ ቆሞ ሊያነሳ አለና፣ የራሱ ሰውነት ብርሃኑን ዘጋው። ገባ። ካሜራው እጁ ላይ እንዳይንቀጠቀጥ ሌላ የማሽላ ጆንያ ጎትቶ በላዩ አስደገፈው። አዋላጇን «እማማ፣ ያንን ነጭ ጋቢ ከበሩ ፊት ለፊት ዘርግተው ይያዙልኝ፣ ብርሃኑን ወደ ሕፃኑ ይመልስልኛል» አላት። እያጉረመረመች ተነሳች፤ ግን ያዘች። ጋቢው ሲዘረጋ የእናቴ ፊት ወገግ አለ፤ ወተት የፈሰሰበት መሰለ።

ያኔ ነው ችግሩን የነገረን። ወንድሜን «ከእናትህ እኩል ካልተቀመጥክ ጠርተህ አትወጣም» አለው። ጨለማ ሲሆን የካሜራውን ቀዳዳ በደንብ ከፍቶ ነው የሚያነሳው። ቀዳዳው ሲከፈት ደግሞ ካሜራው የሚያየው አንድ መስመር ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ መስመር የቀረበም የራቀም ይደበዝዛል።

«ቀዳዳውን ባጠብበው ሁላችሁም ትጠራላችሁ። ግን ብርሃኑ እስኪሞላለት ብዙ መቆየት አለበት፤ ሕፃኑ እጁን ያወናጭፋል፣ እሱ ይጠፋባችኋል። ፊልሙ ላይ የቀረችኝ ደግሞ አንዲት ናት።»

እናቴ አላመነችውም። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እያየሁት፣ እንዴት አይታይም ትለኛለህ?»

«ያንቺ ዓይን ጎበዝ ነው ያ ኡሚ። የኔው ካሜራ ነው ሰነፍ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ነይማ አንቺ፣ ዓይንሽን እዚህ አድርጊ። የምታዪውን ንገሪያት።»

ተንበርክኬ ዓይኔን መስታወቱ ላይ ደቀንኩ። ብረቱ ይሞቃል። መጀመሪያ ሁሉም ጉም ነበር። ሰውዬው በትከሻዬ በኩል እጁን ልኮ አንድ ቀለበት ዞር አደረገ፤ ከጉሙ ውስጥ ወንድሜ ወጣ።

ልጅ ሆኜ፣ ያደግኩት በጀርባው ላይ ነው፤ ግን ያን ቀን እንዳየሁት አይቼው አላውቅም። ቅንድቡ ላይ ላብ ተንጠልጥሏል፤ ልትወርድ የደረሰች ጠብታ፣ የበሩ ብርሃን በውስጧ። አፉን ገርበብ አድርጎ ይተነፍሳል፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ይታያል። አንገቱ ላይ ማተቡ ራሱ ረጥቧል። ፈገግ አለ፤ እኔን ያየ መሰለኝ። ካሜራውን ነው ያየው።

«ወንድሜ ታየኝ» አልኩ። «እማዬ ግን ጠፋች።»

ሰውዬው ቀለበቱን መለሰው። እናቴ ከነሕፃኑ ቀስ እያለች መጣች፤ ወንድሜ ቀስ እያለ ሄደ። እዚያው ቆሞ ሄደ።

«አሁን እማዬ መጣች። አያ የለም።»

ፀሐይዋ ከበሩ ደፍ ላይ ወደ ውጭ ስትሸሽ ይታያል። ፎቶ አንሺው «ማንኛችሁን?» አለ።

ወንድሜ ነው የመለሰ። «እሷን አጥራልኝ። ይዤው የምሄደው እኔ አይደለሁ? የራሴን ፊት ምን አደርገዋለሁ፤ ገዳሪፍ መስታወት አይጠፋም።»

ሁሉም ሳቀ። አዋላጇ ጋቢውን እንደያዘች ሳቀች፤ እናቴም ሳቀች፣ ከወለደች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሰውዬው «ትንፋሽ ያዙ» አለ፤ ያዝን። ካሜራው አንዴ ቀጭ አለ፣ ቆየ፣ መልሶ ቀጭ አለ። በመሃሉ ሕፃኑ ሲጠባ ይሰማ ነበር።

«ሐላስ፣ አለቀ። አብሬህ እሄዳለሁ፣ ስደርስ አጥበዋለሁ፤ ጠዋት ሳትሻገር ትወስዳለህ» አለው።

ወንድሜ ወጣ። ላቡ አልደረቀም ነበርና እናቴን አልሳማትም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አያት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የበሩን መቃን ሳመ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳመው። እኔ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። የመኪናው አቧራ ብዙ ጊዜ ሳይወርድ ቆየ።

ለሱ የታጠበለትን ይዞ ተሻገረ፤ የእኛን በአንድ ሹፌር ላከልን። መዳፍ የምታህል፣ ጥቁርና ነጭ። እናቴ እንደ ታቦት ተቀበለቻት። በፎቶው ላይ የእናቴ ሽፋሽፍት ይቆጠራል፤ የሕፃኑ እፍኝ የምታህል ጭንቅላት ላይ ፀጉሩ ይታያል፤ ከጎኗ ያለው የሽመሉ አንጓ፣ የማጭዱ ጥርስ እንኳ። ከኋላ፣ ከጆንያው አጠገብ፣ ረዘም ያለ ጭጋግ ቆሟል።

አጨዳው ሲያበቃ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። አጨዳው አበቃ። አንድ ተመላሽ «ደህና ነኝ ብሏችኋል» አለን። ከዚያ ወዲያ የመጣ ቃል የለም።

እናቴ ፎቶዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መንገድ ዳር መቀመጥ ጀመረች። አጫጆች የጫነ መኪና በቆመ ቁጥር ትነሳለች፤ እኔ አብሬያት ነኝ። ከጎጃምም ከወሎም የመጡ ልጆች ናቸው፣ ተሻግረው የሚመለሱ፣ ከንፈራቸው የተሰነጣጠቀ። ፎቶዋን ይቀባበሏታል።

«እማማ፣ ይኸ እኮ እኔን ይመስላል» አላት አንዱ የጎጃም ልጅ፣ ሊያስቃት ብሎ።

«አንተን ያርግልኝ» አለችው፣ ሳትስቅ።

ሌላው ጠጋ አድርጎ አየና «አይቸዋለሁ» አለ። «ገዳሪፍ ነው፣ ወፍራም ሆኗል።» ሌላ ቀን ሌላው «ይኸ ልጅ ካርቱም ገብቷል፣ አብሮኝ ሠርቷል» አለ። ውሸታቸውን አልነበረም መሰለኝ። የደበዘዘ ፊት የሁሉም ወንድም ፊት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ነው ያየባት። እናቴ ግን በየጊዜው ተደስታ ትመለሳለች። በአንድ ወር ውስጥ ወንድሜ ወፍራምም ቀጭንም ሆነ፣ ጢም አወጣም ተላጨም። ቤት ስንገባ ፎቶዋን ታርቃለች፣ ታቀርባለች፣ በነጠላዋ ታሻታለች። «ዓይኔ ደክሟል» ትላለች። «አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ እስኪ እዪልኝ።» ፎቶ አንሺው የነገራትን ረስታዋለች፤ ወይም እንዳልሰማች ሆናለች።

ኋላ፣ እኔ ከተዳርኩ በኋላ ነው፣ የዓይን ሐኪሞች ገንዳ ውሃ መጡ ተባለ። ይዣት ሄድኩ። መነጽር አደረጉላት። ነርሷ መርፌና ክር ሰጠቻት፣ በአንዴ አሾለከችው፤ የቆመው ሁሉ አጨበጨበላት። እናቴ ግን ለመርፌ አልነበረም የመጣችው። ቤት እስክንደርስ እንኳ አልቻለችም፤ ከግቢው ሳንወጣ ዛፍ ሥር ተቀመጠችና ነጠላዋን ፈታች።

አየች። መነጽሩን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ፎቶዋን ወደ ፀሐይ አዞረች።

«የማጭዱን ጥርስ አየሁት» አለች። «ሕፃኑንም አየሁት። የራሴንም ጥርስ አየሁ፣ ስስቅ።»

ፎቶዋን መልሳ በነጠላዋ ቋጠረቻት።

«ለካ ዓይኔ አልነበረም» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ መንገድ ዳር አልተቀመጠችም። መነጽሩን ሰሊጥ ለማበጠር ታደርገዋለች፣ ፎቶዋን ለማየት ግን አድርጋው አታውቅም። በምትኩ እኔን ትጠይቀኝ ጀመር። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር እጄን ትይዝና «በዚያ መስታወት ያየሽውን ንገሪኝ» ትለኛለች። እኔም እነግራታለሁ። ቅንድቡን፣ ጠብታዋን፣ ፍንጭቱን፣ ማተቡን። «ፈገግ አለ?» ትለኛለች። «አዎ፣ ፈገግ አለ።» «ላቡ ግን አልደረቀም ነበር?» «አልደረቀም ነበር፣ እማዬ።» እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች። ልትሞት በተቃረበችበት ሳምንት ቃል አልወጣትም፤ እጄን ስትይዝ ግን ምን እንደምትፈልግ አውቄ ነገርኳት።

እናም የፈራሁት ይኼ ነው። ያ ፊት በዓለም ላይ ያለው በኔ ዓይን ውስጥ ብቻ ነው፤ በፎቶ የለም፣ በእናቴ ዘንድ የለም። ሕፃኑ የነበረው ወንድሜ እንኳ አያውቀውም። አሁን ልጄ የአያን የያኔ ዕድሜ ደርሷል፤ እሱም ጥርሱ ፍንጭት ነው። ዓይኔን ስጨፍን ያ ቤት ይመጣል፣ ሰውዬው ቀለበቱን ያዞራል፣ ከጉሙ ውስጥ የሚወጣው ልጄ ነው። ወንድሜን ብጠራው የሚመጣው ልጄ ነው። ፍንጭቱ የወንድሜ ነበር ወይስ ከልጄ ወስጄ ለእናቴ የሰጠኋት? እምላለሁ፣ አላውቀውም።

ልጄ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። እሱ ጓዙን ባጃጁ ላይ ሲጭን ቆይቶ ስልኩን ሊወስድ ገባ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ና እስኪ፣ ፎቶ እንነሳ» አልኩት።

ተገረመ። «አንቺ? ቆይ፣ ላቤን ልጥረግ።»

«ተወው። ከነላብህ ና።»

መጣ። «ከኋላዬ አይደለም፣ ከኋላዬ አትቁም። እዚህ ተቀመጥ፣ ትከሻህን ከትከሻዬ ጋር አድርግ፣ ፊትህም ከፊቴ እንዳይወጣ፣ እንዳይገባ።» እህቱ ስልኩን ይዛ ስትስቅብን፣ ሳላስበው እጄ ተነሳ። መዳፌን ዘርግቼ ከጉንጩ አጠገብ፣ ከአገጩ ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። በበሩ የገባው ብርሃን እጄ ላይም ፊቱ ላይም እኩል ነበር።

«ምነው እማ፣ ትኩሳት አለኝ እንዴ?» አለኝ።

«የለህም» አልኩት። «ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

ሄደ። ባጃጁ እስኪታጠፍ አየሁት፤ ከዚያ ተመልሼ በርጩማዬን በሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ላይ ቀሚሴ በላቡ ረጥቧል። ልጅቱ «እማ፣ ቀይሪው» አለችኝ። እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም።